ማሾንግዌ ባሏን ከጣቢያው ስታወጣ

ጋቢሲሌ ሾንግዌን በሰፈሩ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ለሁሉም ማሾንግዌ ናት። ለብዙ ዓመታት ሥራዋ በደቡብ አፍሪካዋ ምፑማላንጋ፣ ከሰል እያነደደ አገሩን ከሚያበራው የኃይል ጣቢያ በር ላይ ማግዊኛ የሚሉትን ቦምቦሊኖ መጥበስ ነበር። ቦምቦሊኖዋ ትንሽ ጥላሸት አያጣውም። ሠራተኞቹ ግን “ያለ ጥላሸቱ አይጣፍጥም” እያሉ ይገዙላት ነበር።

ባሏ ምፋናፉቲ እዚያው ግቢ፣ ሦስተኛው ቦይለር ሥር፣ እንፋሎት ገንፍሎበት ሞተ። አስከሬኑ በወጉ ተቀበረ። መንፈሱ ግን ቀረ። ከቤቱ ውጭ የሞተን ሰው ከዘመዶቹ አንዱ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዞ፣ ከወደቀበት ቦታ ጠርቶ ወደ ቤት ካልመለሰው እዚያው ሲንከራተት ይኖራል።

ቅርንጫፍ ይዘው ሲመጡ የበሩ ዘበኛ ዝዌላኬ ግን አላስገባም አለ። ሚስቱን እንኳ ያለ ካርድ አያሳልፍም እየተባለ የሚታማ ሰው ነው።

“እሺ፣ እናንተን በእንግዳ ካርድ ላስገባ። ሲወጣ እሱን በየትኛው ካርድ ላስወጣው ነው? የእሱ እኮ ተዘግቷል” አላት።

ተናደደች፤ ውላ አድራ ግን ተወችው። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ያን ያህልም አልከፋትም ነበር። እዚያ ስትጠብስ ስትውል ከባሏ የሚለያት አንድ አጥር ብቻ ነው።

ከዚያ መንግሥት አገሩ ከከሰል ወደ ፀሐይ ይዞራል አለ። ከላይ የመጣ ባለሥልጣን ድንኳን ተተክሎለት “ይህ ሽግግር ማንንም ጥሎ አይሄድም” ሲል ተናገረ። ጥያቄ ያለው ሲባል ማሾንግዌ እጇን አወጣች።

“ባሌ ሦስተኛው ቦይለር ጋ አለ። እሱንስ?”

ባለሥልጣኑ ለነባር ሠራተኞች ስለተዘጋጀው ሥልጠና በሰፊው አብራራላት።

ጣቢያው ተዘግቶ ሊፈርስ ሲል ፈቃድ ተገኘ። ቅርንጫፉን የያዘው የባሏ ታላቅ ወንድም ቤካኒ ነበር። ቅርንጫፍ የያዘ ሰው ቤት እስኪደርስ ከሟቹ በቀር ለማንም አይናገርም። ቤካኒ ደግሞ በሠርግም በለቅሶም አፉ ተዘግቶ አያውቅም። እንደምንም ችሎ ወንድሙን ከቦታው አነሣው። ታክሲ ውስጥ ለሟቹም ወንበር ተከፈለለት፤ ቅርንጫፉም በላዩ ተቀመጠ። ደህና ሄደው መገንጠያው ላይ ሲደርሱ አንዲት ግዙፍ ሴት ገብታ እዚያው ወንበር ላይ ልትቀመጥ ዝቅ አለች።

“አንቺ፣ ሰው ላይ ነው እኮ የምትቀመጪው!” አለ ቤካኒ።

ቤካኒ አፉን በእጁ ያዘ። ምን ያደርጋል፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ።

የቤተሰቡ ሽማግሌዎች “ወደወደቀበት ተመልሷል” ብለው ፈረዱ። ደግመው ሲሄዱ ግቢው ሊፈርስ ተዘግቶ አገኙት፤ እሑድ ዕለት ጭስ ማውጫዎቹ በፈንጂ ተጣሉ። ሰዉ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። ማሾንግዌ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያ ሁሉ ነገር ሲወድቅ ባሏ የት እንደቆመ አላወቀችም።

በዓመቱ ቦታውን ሶላር ፓነል ሞላው። ማግዊኛ የሚገዛ ስለጠፋ ማሾንግዌም ፓነል አጣቢ ሆና ተቀጠረች። ስለ ፀሐይ ሲጠይቋት “ጥላሸት የለው፣ ደንበኛ የለው” ትላለች። የሦስተኛው ቦይለር መሠረት ግን ድፍን ሲሚንቶ ስለነበር ማንም አልነቀለውም። ፓነሎቹ በላዩ ተተክለዋል። የመጀመሪያ ቀን ሥራዋ እዚያ ሲያደርሳት ባልዲዋን አስቀምጣ ቆመች።

“ይምጡና እንሂድ” አለችው ቤካኒን፣ ማታ ቤቱ ሄዳ።

“የእኔ አፍ አይታመንም። አንቺው ሂጂ።”

“ሴት ይዛው ታውቃለች?”

“ወንድ ሲይዘውማ አየነው።”

በማግስቱ ሥራ ሲያልቅ ቅርንጫፉን ከባልዲዋ አወጣች።

“ምፋናፉቲ፣ ከሰሉ አልቋል” አለችው። “እዚህ የምትሠራው የለህም። ተነሥ፣ ቤታችን እንግባ።”

ቅርንጫፉን ሲሚንቶው ላይ ነካ አድርጋ አነሣችው፤ ከቅድሙ የከበዳት መሰላት።

በሩ ላይ ዛሬም ዝዌላኬ አለ።

“ማሾንግዌ፣ ምንድነው የያዝሽው?”

ዝም አለችው።

“ምነው፣ ተጣላን እንዴ?”

ዝም። ያን ጊዜ ቅርንጫፉን አስተዋለና ቆቡን አወለቀ።

በሩ የሚሽከረከር ብረት ነው፤ በአንድ ካርድ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ማሾንግዌ በካርዷ ወጣች። ዝዌላኬ የራሱን ካርድ ከአንገቱ አውልቆ አስነካውና ብረቱ ባዶውን ዞሮ እስኪቆም ጠበቀ።

“በደህና ግባ፣ አባቴ” አለ።

ማሾንግዌ ልታመሰግነው ፈለገች፤ አፏን ግን አልከፈተችም።