ዝም ተብሎ የተለካ ደረት

እናቴን ደንበኞቿ «ዓይነ ሜትር» ይሏታል። ሜትሩን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ለወጉ ነው እንጂ፣ አንዲት ሴት የሱቃችንን ሦስት ደረጃ ወጥታ በሩ ጋ እስክትደርስ ወገቧንም ትከሻዋንም ደረቷንም በዓይኗ ለክታ ጨርሳለች። ከጎኗ ተቀምጬ መስፋት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ልኬት ሲዛባባት ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው። ሁለቱም ጊዜ ሴቶቹ ሳያውቁት አርግዘው ነበር። እሱንም እናቴ ስህተት ብላ አትቆጥረውም።

ሱቃችን ጠባብ ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ካውያ የሚቀመጥበት አግዳሚ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሴቶች የሚለኩበት መጋረጃ። ሌሎች ሰፊዎች ሲለኩ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠራሉ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል። እናቴ ግን መጋረጃው ጀርባ ከገባች አፏ ይዘጋል። ለክታ፣ ራሷ ጽፋ፣ ወጥታ «ሐሙስ ነይ» ትላለች፤ በቃ።

ይህ ልማድ ዝም ብሎ አልመጣም። ልጅ እግር ሰፊ ሳለች አንዲት ሙሽራ ስትለካ፣ የሙሽራዋ ዘመዶች ከመጋረጃው ማዶ ተደርድረው እያሉ «የቀኙ ከግራው ያንሳል፤ ግድ የለም፣ ስፖንጅ እናስገባለታለን» ብላ ተናገረች። ክፋት አስባ አይደለም፤ የሥራ ነገር መስሏት ነው። ከማዶ አንዷ ሳቀች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ከሰርጉ በፊት ሰፈሩን አዳረሰ። ሙሽራዋ ቀሚሱን ልትወስድ ሳትመጣ ቀረች። ከዚያ ወዲህ «ሆድ ይፍጀው» ለእናቴ የሥራ ደንብ ሆነ። እኔንም ያስተማረችኝ መጀመሪያ ይህንኑ ነው፤ መርፌ መሰካት ሁለተኛ ነው የመጣው።

እውነት ለመናገር ደንቡ ብዙ ሴት አሳርፏል። ሁለቱም ጡቷ ልክ እኩል የሆነ ሴት በእኛ መጋረጃ ጀርባ ቆማ አታውቅም ብል ብዙ አልዋሸሁም። አንዱ ቀድሞ ያደገባት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ትመጣለች፤ ሌላው ዓመት ቆይቶ ይከተላል። ልጇ በአንድ በኩል ብቻ ካልሆነ አልጠባም ብሎ ያስቸገራት እናት ትመጣለች። አከርካሪዋ ትንሽ ጎበጥ ብሎ አንዱ ትከሻዋ ዝቅ ያለ፣ በዚያው ደረቷም የተዛነፈ የሚመስል አለች። እናቴ ለሁሉም መላ አላት። አንዱ ጋ ስፖንጅ፣ ሌላው ጋ ድርብ ገበር፣ እጥፋቱን ደግሞ እንደ ልኩ ቦታውን ማዛወር። ሴቲቱ መስታወቱ ፊት ትቆማለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ፈገግ ትላለች። ምን እንደተደረገላት አትጠይቅም፣ እኛም አንነግራትም።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፣ አስተማሪ ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻት እናቴ ናት ማለት ይቻላል። በአሥራ አምስት ዓመቷ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጥታ «እትዬ፣ እኔ ጎዶሎ ነኝ» አለቻት አሉ። የግራው ከቀኙ አንድ ጣት ያህል ይበልጥ ነበር። እናቴም «አምስት ጣት እኩል አይደለም፤ ሁለት ጡት እኩል ይሁን ትያለሽ?» ብላ አሳቀቻት፤ ያን ቀን በቀኙ በኩል ስፖንጅ የገባበት ሸሚዝ ሰፋችላት። ልክ ነበረች። ያ የእድገት ነገር ነበር፣ ሠላሳ ዓመትም እንዳለ ኖረ። አክስቴ አገባች፣ ወለደች፣ አጠባች፤ ስለ ደረቷ ዳግመኛ አላለቀሰችም።

ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ የጥፋቱ አንድ ጫፍ የእኔ ስለሆነ ሳልሸፋፍን እናገረዋለሁ።

አክስቴ በዓመት ሦስት ቀሚስ እኛ ጋ ታሰፋለች። አምና ትምህርት ሊከፈት ሲል ስትለካ ቀኙ ከግራው እኩል ሆኖ ተገኘ። እናቴ «ወፍራለች» ብላ ራሷን አሳመነች። ሰው ሲወፍር በአንድ ጎን ብቻ እንደማይወፍር ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የአጋማሽ ፈተና ካለፈ በኋላ በተሰፋው ቀሚስ ላይ ደግሞ ቀኙ ከግራው ሁለት ሳንቲ ሜትር በልጦ፣ ከፍ ብሎም ተቀምጦ ነበር። ይህን ያኔ አልነገረችኝም። እኔ ያየሁት ቆርጣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችልኝን ቅድ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ የደረቱ ቅድ ተዛብቷል» አልኳት። «የአክስቴ እኮ ሁሌም የሚበልጠው ግራው ነው።»

«ስፊ ዝም ብለሽ።»

«ግራና ቀኙን አለዋውጠሽዋል እያልኩሽ!»

«ስፊ አልኩሽ፤ ልኬቱን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ?»

ሰፋሁት። ኩርፊያዬ ከማወቄ በለጠና አፌን ዘግቼ ሰፋሁት። ትንሽ ብጨቀጭቃት ኖሮ ትናገር ነበር፤ እናቴ ጭቅጭቅ አትችልም። አልጨቀጨቅኳትም።

ሦስተኛው ልኬት ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው ነበር። ያን ቀን እናቴ ከመጋረጃው ስትወጣ ላብ አጥምቋት ነበር። በቀኙ ጡት ላይ ቆዳው፣ ክር እንደተሳበበት ጨርቅ፣ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ አይታለች። አክስቴ እጆቿን ዘርግታ ስለ ተማሪዎቿ እያወራች ትስቃለች። እናቴ ደግሞ ለክታ፣ ጽፋ፣ «ሐሙስ ነይ» አለች። እህቷን!

በኋላ ስጠይቃት የመለሰችልኝ «ከተናገርኩት እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ» ብላ ነው። ሌላም ሰበብ ነበራት፤ ያቺን ሙሽራ አነሳች፣ የእህቷን የልጅነት ለቅሶ አነሳች፣ «ዝም አይነቅዝም» አለች። ቀሚሱን ግን አሳምራ ሰፋችው። ድርብ ገበር አድርጋ፣ ፊቱ ላይ ስስ ሽብሽብ ጥላበት፣ ደረቱን ቀጥ አደረገችው። በዕድሜዋ እንዲህ ያማረ ደረት ሰፍታ አታውቅም። የአክስቴ ባልደረቦች «ማን ነው የሰፋልሽ?» እያሉ ሦስት አዲስ ደንበኛ መጣልን። እኔም ከእነሱ ጋር ስቄ ለካሁ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት አክስቴ መጣችና «እትዬ፣ የቀኝ እጅጌውን ብታሰፊልኝ፤ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ብብቴን ይይዘኛል» አለች። እጅጌው ግን ሰፊ ነበር፤ የያዛት ልብሱ አልነበረም። እናቴ የያዘችው የስፒል ሣጥን ከእጇ አምልጦ ተበተነ፤ ሁለታችን ጎንበስ ብለን ለቀምን።

በማግስቱ ጠዋት እህቷ ዘንድ ደውላ ዋሸች። «ጡቴን እያመመኝ ነው፤ ሐኪም ጋ አብረሽኝ ሂጂ» አለቻት። እውነቱን ለመናገር ድፍረት ያጣች ሴት ለውሸት ደፋር መሆኗ እስካሁን ያናድደኛል። አክስቴ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ፣ ለእናቴ ብርቱካን ገዝታ መጣች። ሦስታችንም ሄድን።

ሐኪሟ አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። እናቴን መረመረቻት፤ ምንም የለባትም። እናቴም ከአልጋው ሳትወርድ «እግረ መንገድዎን እሷንም ይዩልኝ» አለች። አክስቴ ሳቀች።

«እኔ ደህና ነኝ ዶክተር። ለእኔ ስትጨነቅ ነው ያረጀችው።»

ሐኪሟ ግን አስቀመጠቻት። መጀመሪያ አልነካቻትም፤ ዓይታ ብቻ እጆቿን ወገቧ ላይ አስጫነቻት፣ ቀጥሎ ወደ ላይ አስነሳቻት። እጇ ከፍ ሲል የቀኙ ቆዳ ተሰበሰበ። እኔ በሩ አጠገብ የሁላችንንም ቦርሳ ታቅፌ ተቀምጬ አየሁት። ሐኪሟ ፊቷ አልተለወጠም።

«እኩል አለመሆናቸው አዲስ ነገር ነው ወይስ የቆየ?»

«የቆየ ነው፤ ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ» አለች አክስቴ። «እህቴን ይጠይቋት፤ ልኬን ከእኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። አምስት ጣት እኩል አይደለም ብላኛለች።»

«ስለዚህ በቅርቡ የተለወጠ ነገር የለም?»

«የለም» አለች አክስቴ፤ ሐኪሟ ብዕሯን አነሳች።

«ተለውጧል» አለች እናቴ።

ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ፣ መጋረጃ ጀርባ በሕይወቷ ያልጠራችውን ቁጥር ትጠራ ጀመር። ድሮ ግራው እንደሚበልጥ፣ አምና ትምህርት ሲከፈት እኩል እንደሆኑ፣ ከአጋማሽ ፈተና በኋላ ቀኙ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንደበለጠ፣ በሦስተኛው ልኬት ሦስት ተኩል፣ ቆዳው ገብቶ። ሐኪሟ አንድ በአንድ ጻፈችው። አክስቴ ሸሚዟን ደረቷ ላይ ይዛ እናቴን ታያለች። እኔ ብርቱካኑን አያለሁ።

«መበላለጣቸው ብቻውን አያስፈራኝም» አለች ሐኪሟ ጽፋ ስትጨርስ። «ብዙ ሴት እንዲያ ናት፤ በእድገት፣ በማጥባት፣ በሆርሞን ለውጥ ይመጣል። ውኃ የቋጠረ ነገር ወይም ጉዳት የሌለው እብጠትም አንዱን ሊያተልቀው ይችላል። እኔ የምፈልገው ለውጡን ነው። በዚህ ዕድሜ አንዱ ብቻ እየተለወጠ ከመጣ፣ ቆዳው ከተሳበ፣ ምን እንደሆነ ሳናይ ደህና ነው አንልም።»

አስተኝታ በጣቶቿ ጫፍ እየዞረች ዳሰሰቻት፣ ብብቷንም ጭምር። ከዚያ ወደ አልትራሳውንድ፣ ቀጥሎ ጡት በሚነሳበት ራጅ ተላከች። በመጨረሻ አደንዝዘው በመርፌ ቅንጣት ሥጋ ወሰዱ። «መልሱ በአሥራ አንድ ቀን» ተባልን። አክስቴ በሌላ መኪና ወደ ቤቷ ሄደች።

በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ስልክ አላነሳችልንም። እናቴ ሁለት ቀሚስ አበላሸች። መቀሱን አስቀምጣ «ሰፊ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሐኪሙማ እኔ ካልነገርኩት በምን ያውቃል?» ትላለች። ላጽናናት ፈለግኩ፤ ግን ያን ቅድ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በየትኛው አፌ?

ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ወደ ብብቷም ደርሷል፤ ከዚያ ግን አላለፈም። መድኃኒቱ ይቀድማል፣ ኦፕሬሽኑ ይከተላል ተባለ። እናቴ ሐኪሟን ኮሪደር ላይ ይዛ «ስምንት ወር ቀደም ብለን ብንመጣ ኖሮስ?» ብላ ጠየቀቻት። ሐኪሟ ልትዋሻት አልፈለገችም። «ትንሽ እያለ እናገኘው ነበር» አለቻት። «ግን ከርመው ቢመጡ ኖሮ ይህንንም ዕድል አናገኝም ነበር።» እናቴ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

መድኃኒቱ በተጀመረ ቀን አክስቴ አስጠራችን። መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ተደግፋ፣ ክንዷ ላይ የመድኃኒቱ ቱቦ ተሰክቶላት አገኘናት። ያን የተሸበሸበ ቀሚስ ሳይሆን የቤት ሹራብ ለብሳለች። እናቴ ገና ከበሩ ተንበረከከች።

«ስደቢኝ» አለች። «ስደቢኝ እህቴ፣ ዝም አትበይኝ። እያየሁ ነው የሸፈንኩት። ከእኔ የባሰ ጠላት ከየት ይመጣብሻል?»

«ተነሺ እትዬ፤ ሰው ያያል።»

«ይየኝ!»

«ተነሺ አልኩሽ፤ የምነግርሽ አለኝ።»

አነሳኋት። አክስቴ አጠገቧ እስክትቀመጥ ጠበቀች።

«እኔም አይቼው ነበር» አለች። «መስታወት አለኝ እኮ። ከአንቺም ቀድሜ ነው ያየሁት፣ ትምህርት ሳይከፈት። ሐኪም ቤት ልሂድ እልና እፈራለሁ። ከዚያ ‹እትዬ ዓይኗ አይስትም፤ እሷ ትለካኝ› አልኩ። እጄን ዘርግቼ የማወራው እኮ ፊትሽን ለማየት ነው። አንድ ነገር ካልሽ በዚያው ልሄድ፣ ዝም ካልሽ ምንም የለም ማለት ነው ብዬ።»



«ሦስቴም ‹ሐሙስ ነይ› አልሽኝ» አለች አክስቴ። «ሦስቴም ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።»

ከዚያ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መድኃኒቱ እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት አጠገቧ ተቀመጥን።