ጋሽ ታደሰ ያጠፉት እሳት

የአብራሪነት ፈቃዴን ያወጣሁት ደቡብ አፍሪካ ነው። አንድ የውጭ አየር መንገድ ደግሞ ወደ አገሩ ፈቃድ አስቀይሮ ሊቀጥረኝ የሚችለው የኦንላይን ቃለ መጠይቁን ካለፍኩ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቀን ደረሰና ሰሚት ኮንዶሚኒየማችን መብራት ጠፋ። ስልኬም ሊዘጋ ተቃርቧል። ለመብራት ብዬ ይህን ዕድል አላሳልፍም አልኩና ወደ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ሮጥኩ።

“ነይ ልጄ፣ መኪናዬ ውስጥ ቻርጅ አድርጊ” ብለው ሞተሩን አስነሱልኝና እኔ ውስጥ ተቀምጬ ቃለ መጠይቁን ስጀምር ከውጭ መኪናቸውን ማጠብ ጀመሩ።

ስልኬ ስክሪን ላይ ሁለት ፈረንጆች ይጠይቁኛል፤ ሦስተኛው ጠያቂ ካሜራውን ዘግቶ ያዳምጣል።

“ከመሬት እንደተነሳሽ ሞተርሽ በእሳት ቢያያዝ ምን ታደርጊያለሽ?” አለኝ አንዱ በእንግሊዝኛ።

መልሱን አሳምሬ ስለማውቀው ድምፄን ከፍ አድርጌ “ኢንጅን ፋየር!” ብዬ ጀመርኩ።

ጋሽ ታደሰ ይህን ሲሰሙ በመስኮት እጃቸውን ሰደው ኮፈኑን ከፈቱና አንድ ጀሪካን ውሃ ሞተሩ ላይ ደፉበት። መኪናው ተንዘፍዝፎ ጠፋ፤ የፊት መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። እኔ ግን አላቆምኩም። ነዳጁን እንዴት እንደምዘጋ፣ እንዴት ተመልሼ እንደማርፍ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ።

ፈረንጆቹ ተያዩ። ያኔ ካሜራውን የዘጋው ሰው ጥርት ባለ አማርኛ እንዲህ አለኝ፦

“ጎበዝ፣ ይህን ዙር አልፈሻል። አሁን ግን ጋሼን እሳት የለም በያቸው፤ ከኋላሽ ሁለተኛ ጀሪካን ይዘው እየሮጡ ነው።”