ጣሳው ውስጥ የማይገባ አልጋ

የልጄ የአሻንጉሊት ዕቃ በሙሉ የሚነቀል ነው። የጠረጴዛው እግር ይነቀላል፣ የወንበሩ መደገፊያ ይነቀላል፤ በገመድ የተጠለፈው የሱዳኖች አልጋ፣ አንገረቡ እንኳ፣ እግሮቹ ሲወጡ እንደ ሰሌን ይጠቀለላል። ኮላ አስነክቼው አላውቅም። እንጨቱን ከፍራፍሬ ሳጥን እፈልጣለሁ፣ በምላጭ እጠርባለሁ፣ ጫፉን አሹዬ ቀዳዳው ውስጥ እሰካለሁ፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ በሰሊጥ ዘይት ማሸት ነው። ማን አስተማረሽ ይሉኛል። ማንም። እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም እንጂ።

የሚነቀል ያደረግሁት ለጣሳው ብዬ ነው። ከኸሽም ኤል ቂርባ ወደ ኒው ሀልፋ፣ ከኒው ሀልፋ ወደ ገዳሪፍ ስንል የልጄ ዕቃ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ተከቶ ነው የተጓዘው። አንዳንዴ ሥራ አልቆ ተነሳን፤ አንዳንዴ ደግሞ፣ ምን እዋሻለሁ፣ ልቤ ስለተነሳ ብቻ። ልጄ ሀቦባ፣ አያቴ፣ እያለች የምትጠራቸው ሱዳናዊት አከራያችን ይስቁብኛል። እኔን ሎሪ ነው የሚሉኝ፤ እንደ ጭነት መኪና ብቆምም ሞተሬ አይጠፋም ማለታቸው ነው።

ክረምቱ ሲያበቃ የሰሊጥ እርሻ ካለበት ከቁረይሻ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው ከመተማ አብራኝ የተሻገረች ጓደኛዬ ናት። የሰሊጥ አጨዳ ሊጀመር ነው፣ ለሠራተኛው የምታበስል ሴት ይፈለጋል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሎሪ በበርሽ ያልፋል አለችኝ። እሺ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ልጄ ትዝ ያለችኝ። ትምህርት ቤቷ ከካርቱም የሸሹ ሰዎች ሰፍረውበት ከርሞ ገና መከፈቱ ነበር፤ ደብተሯን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። እርሻው ላይ ደግሞ ትምህርት ቤት የለም።

ስነግራት ደብተሯን ይበልጥ ወደ ትራሷ ሥር ገፋችው። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እኔም ዕረፍት አጣሁ። ልብስ በማጥብበት ቤት የታጠበውን ጀለቢያ መልሼ ሳሙና መታሁት። ቤቴ ስገባ ያለቀለትን ወንበር እንደገና እፈገፍጋለሁ፤ መቀመጫው ሳስቶ ብርሃን ሊያሳይ ደረሰ። ጓደኛዬ ስትደውል አላነሳም፣ ወዲያው ደግሞ ራሴ መልሼ እደውላለሁ።

ዓርብ ከሰዓት ዕቃ ልሸክፍ ጣሳውን አወረድኩ። ባዶ ነው። የልጄ ዕቃ መስኮቱ ሥር በተደፋ ሳጥን ላይ ተደርድሯል፤ አልጋው ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ጠረጴዛው መሀል ላይ። የአልጋውን እግር ብስበው አልነቀል አለኝ። መጋጠሚያው ላይ የማር ቀለም ያለው ነገር ፈስሶ ጠጥሯል። ከግራር የሚለቀመውን ሙጫ ከሀቦባ ለምና፣ በውሃ አሟሙታ፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ ሞልታዋለች። ያንዱ ወንበር እግር እንደተጣመመ ደርቋል።

"ምን አድርገሽ ነው?" አልኳት።

"አሁን ጣሳው ውስጥ አይገባም" አለች። ያልገባኝ መስሏት ነው መሰል በአረብኛ ጨመረችበት፤ "ኻላስ፣ እማዬ። አበቃ።"

ሀቦባ ደጃፉ ላይ ቆመው ኖሯል፤ የሎሪዋ ጎማ ተነፈሰ አሉ። እኔ አልሳቅሁም።

የግራር ሙጫ በውሃ ይለቃል። ለብ ያለ ውሃ በሳህን ቀዳሁና አልጋውን ይዤ ከሳህኑ በላይ ቆየሁ። ልጄ አልከለከለችኝም። በሙጫ የተጣበቁ ጣቶቿን እያላቀቀች ታየኛለች። ውሃው ቀዘቀዘ። ደጅ ወጥቼ ደፋሁት።

ለጓደኛዬ ደውዬ ሌላ ሴት ፈልጊ አልኳት። ሰደበችኝ። ከዚያ ከጎረቤት አናጢ የቫርኒሽ ትራፊ ለምኜ መጣሁ። የፈሰሰውን ሙጫ በምላጭ ፋቅሁ፣ አለሰለስኩ፣ አቧራውን በጨርቅ አንስቼ በዶሮ ላባ ቀባሁ፤ መጋጠሚያው ላይ ደጋገምኩ፣ ውሃ እንዳይገባው። ለጠማማው ወንበር ከእግሩ ሥር ስንጣሪ አደረግሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት የሎሪው ጥሩምባ ሲሰማ እግሬ ሳላዘው በር ላይ አደረሰኝ።

"እማዬ፣ አልጋውን መልሺ፣ ገና አልደረቀም" አለች ልጄ ከኋላዬ።

ለካ ይዤው ወጥቻለሁ። የአውራ ጣቴ አሻራ ቫርኒሹ ላይ ታትሞ ቀረ፤ እስካሁን አለ።