ከመሐል መስመር ወዲህ

አርሊስ ዳይክሃውስ በአራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ጨዋታዋ አንዲት ነጥብ አላስቆጠረችም። ሰነፍ ሆና እንዳይመስላችሁ። ያን ጊዜ በአሜሪካዋ አይዋ ግዛት ሴቶች ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱት ስድስት ለስድስት ነበር፤ ሦስቱ አጥቂዎች በአንዱ ግማሽ ሜዳ፣ ሦስቱ ተከላካዮች በሌላው፣ መሐል ላይ መስመር። መስመሩን የሚሻገር የለም። ማግባት የአጥቂ ነው። ተከላካይ ኳስ ነጥቃ መስመሩ ድረስ ታመጣለች፣ ለአጥቂ ታቀብላለች፣ ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ማዶ ማዶውን ታያለች። አርሊስ በአሥራ አምስት ዓመቷ "አንቺ ተከላካይ ነሽ" ተባለች፣ በቃ፣ ተከላካይ ሆነች።

ከመስመሩ ማዶ ያለው የቅርጫቱ ቀለበት ግን በሕልሟ ይመጣ ነበር። ሕልሙ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አዳራሹ ባዶ፣ ከላይ በመስኮቶቹ የበረዶ ብርሃን እየገባ፣ ወለሉ እንደረጋ ውሃ ያበራል። እሷ በካልሲ ብቻ ትራመዳለች። ቀለበቱ አይርቅም፣ አይቀርብምም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። ጠዋት እናቷ ምን ሆነሽ ነው የፈዘዝሽው ስትላት፣ "ምንም" ትላለች። በትውልድ ከተማዋ በኦስትቪል ከጸሎት ቀጥሎ አብዝቶ የሚነገረው ቃል "ምንም" ነው።

የኦስትቪል ሰው አያቶቹ ከሆላንድ ይዘውት እንደመጡት ጠባይ፣ ለራሱ አይለምንም። የፖም ኬክ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ "ጠግቤያለሁ" ይላል፤ ሦስተኛ ካልጠየቁት አንጀቱ እየጮኸ ቤቱ ይገባል። የአርሊስ አባት ገርበን ደግሞ የባሰበት ነው። ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ቢሰምጥ እንኳ ጎረቤት አይጠራም፤ ጎረቤት ራሱ አይቶ እስኪመጣ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ። እኛም "ዝም አይነቅዝም" እንላለን፤ እነሱ ግን ዝምታን በጎተራ ነው ያከማቹት።

ኮሌጅ ስትገባ ጨዋታው አምስት ለአምስት ሆነ፣ ሜዳውም ሙሉ። በመጀመሪያው ግጥሚያ ኳስ ነጠቀች። ፊቷ ማንም የለም። እያነጠረች በረረች፣ በረረች፣ መሐል መስመሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ! ኳሱን አቅፋ የምታቀብለው ሰው ፍለጋ ዞር ዞር ማለት ጀመረች። ከተመልካቹ ግማሹ በሳቅ ፈነዳ። ሌላው ግማሽ፣ እናቶቹና ታላላቅ እህቶቹ፣ አልሳቁም። የእነሱም እግር ያን መስመር ያውቀዋል።

ቀስ በቀስ ተሻገረች። አራት ዓመት ተጫወተች፣ ብዙ ባይሆንም አገባች። ከተመረቀች በኋላ ሰባት ዓመት የስፖርት መምህርት ሆነች፣ ከዚያ እዚያው ኮሌጇ ረዳት አሰልጣኝ ተደርጋ ተመለሰች። መከላከል የእሷ ድርሻ ሆነ። "የአጥቂዋን ዓይን አትመኑ፣ ዓይን ይዋሻል። እምብርቷን ተመልከቱ፤ እምብርት ባለቤቱን ጥሎ የትም አይሄድም" እያለች ልጆቹን ታስቃቸዋለች፣ እየሳቁም ጉልበታቸው እስኪንቀጠቀጥ ታሠራቸዋለች።

በሠላሳ አምስት ዓመቷ ዋናው አሰልጣኝ ጡረታ ወጣ። ቦታው የአርሊስ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም በልቧ ታውቃለች። ማመልከቻ ግን አላስገባችም። ከፈለጉኝ ይጠሩኛል ብላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ አጠገብ ተቀምጣ ሹራብ ሠራች። በአራተኛው ሳምንት ከኦማሃ ከተማ አንድ ሰውዬ ተቀጠረ። በኋላ የቢሮው ጸሐፊ፣ አንቺ እኮ አልጠየቅሽም፣ አትፈልጊውም ብለን ነው አለቻት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ! ሹራቡ ብቻ ተረፋት።

ለኦማሃው ሰውዬ ስምንት ዓመት ሠራች፤ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችበትም። ማታ ማታ ግን ቤቷ ደጃፍ ላይ የመኪናዋን ሞተር አጥፍታ ትቀመጣለች። ጭጋጉ በቆሎው ላይ ሲተኛ፣ ያ የድሮው አዳራሽ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይልላታል፣ መስኮቶቹ፣ ወለሉ፣ ቀለበቱ። ምድጃ ላይ የጣደችው እያረረ እንኳ አትነሳም።

አርባ ሦስት ሲሞላት ሰውዬው ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። አሁን ጻፈች። ማመልከቻው ሦስት ቀን ቦርሳዋ ውስጥ ዞረ፤ በአራተኛው ቀን ዓይኗን ጨፍና ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ተወዳዳሪዋ ከሚኒያፖሊስ የመጣ፣ ሁለት መቶ ግጥሚያ ያሸነፈ ሰው ነው። ይህ ካመለጣት ሌላ እንደማይመጣ ታውቀዋለች። በዚያ ዕድሜ ረዳት የሆነ ሰው ረዳት ሆኖ ነው የሚያረጀው።

ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ የጠየቋት ሦስት ሰዎች ናቸው። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ኬስለር ከቦስተን ከመጡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከእሳቸው ጋር የከተማው ፓስተርና የእህል መጋዘን ባለቤቷ ላቮን ነበሩ። ዶክተሩ ወረቀቱን ገልጠው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

"እዚህ ላይ የጽሕፈት ስህተት አለ መሰለኝ። ዘጠና ስድስት ግጥሚያ፣ ዜሮ ነጥብ ይላል።"

"ስህተት የለውም" አለች አርሊስ። ስለ ራሷ ልታብራራ? የማይታሰብ ነው።

ላቮን ናት የሳቀችው። "ዶክተር፣ እርስዎ የቦስተን ሰው ነዎት፣ አይፈረድብዎትም። እኔ በአንድ ግጥሚያ አርባ አንድ ነጥብ አገባ ነበር። ይህቺ ሴትዮ በያዘችኝ ቀን ዘጠኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እስከ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ሳያት በሌላው መደርደሪያ እዞራለሁ።"

ፓስተሩ ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠየቀ፣ እሷም በአጭር በአጭሩ መለሰች። በመጨረሻ ዶክተሩ የምትጨምሪው ነገር ካለ አሏት። የመጋቢት ብርሃን በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። አርሊስ ብርሃኑን እያየች ትንሽ ጠፋች። "አመሰግናለሁ" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ተናግራው ልትነሳ ነበር። 

"አለኝ" አለች። "ዕድሜዬን ሙሉ እየነጠቅኩ ለሌላ ሰው ሳቀብል ኖሬያለሁ። ለእኔ ስጡኝ ብዬ አላውቅም፤ ነውር ይመስለኝ ነበር። ይህን ሥራ እፈልገዋለሁ። በፊትም እፈልገው ነበር። ስጡኝ።"

ፓስተሩ አንገቱን ደፋ። በኦስትቪል እንዲህ ብሎ በሰው ፊት መናገር ራቁትን አደባባይ ከመውጣት አይተናነስም። አርሊስ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ወጣች፤ ኮቷን እዚያው ረስታው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ላቮን ኮቱን ይዛ መጣች። ቦታው ያንቺ ነው አለቻት። ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ፓስተሩ ነው፤ ይህቺ ሴት ይህን ለማለት ከደፈረች የማትደፍረው ነገር የለም አለ። ላቮን ደግሞ ከመሄዷ በፊት ስምንት ዓመት ምን ስትጠብቂ ነበር ብላ ተቆጣቻት፣ ተቆጥታም አቀፈቻት።

አርሊስ በቀጥታ ወደ አባቷ ነዳች። ገርበን ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ በአረጋውያን መኖሪያው፣ መስኮት አጠገብ ካለው አልጋው ብዙም አይነሳም። ሁሉንም ነገረችው። ዋናውንም አልደበቀችም።

"ለመንኳቸው፣ አባዬ።"

ይቆጣኛል ብላ ነበር። እሱ ግን የብርድ ልብሱን ጫፍ ሲያስተካክል ቆየ።

"እኔም አንድ ጊዜ ለምኛለሁ" አለ።

ማንን ብትለው፣ የድሮውን አሰልጣኝሽን አላት። ዘጠነኛ ክፍል ነበርሽ። ከከብቶቹ ቤት ጀርባ ብቻሽን ኳስ ባልዲ ውስጥ ስትወረውሪ አየሁሽ፤ ማንም የሚያይሽ አልመሰለሽም፤ አንዱንም አልሳትሽ። በማግስቱ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ልጄን አጥቂ አድርጋት፣ ማግባት ትችላለች አልኩት። ተከላካይ አጥቻለሁ፣ አይሆንም አለኝ። አፈርኩ። እናትሽ እንኳ ሳትሰማው ነው የሞተችው።

አርሊስ ያን ባልዲ ማንም አላየም ብላ ሃያ ስምንት ዓመት ኖራለች።

"ደግሜ መሄድ ነበረብኝ" አለ ገርበን።

 አልቅሳ እስኪወጣላት ድረስ አባቷ እጇን አልለቀቀም።