የምን ጠጉር ነው

አሳማ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ኮምቦልቻ ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ከርከሮን እንኳ የማውቀው ገጠር ያሉ ዘመዶቼ ማሽላችንን ጨረሰው እያሉ ሲያማርሩ ነው። ያን ሰሞን ግን ያላየሁት አሳማ ሳምንት ሙሉ ከኋላዬ አልጠፋ አለ። አብሮኝ ሥራ ገባ፣ ምሳዬን ስበላ ተቀመጠ፣ ልሰግድ ስቆም ሳይቀር ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ።

ፈሪነቴ የቆየ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ግን እባቡንም ሳላይ ነው የምደነብረው። እናታችን ወደ አኼራ ስትሄድ እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፣ እህቴ ዘጠኝ። ከዚያ ወዲህ የምፈራው ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ልጅ ሳለች ወተት ስሰጣት ቀድሜ እቀምሰው ነበር፤ ትምህርት ቤት ስትዘገይ መንገድ ላይ ወጥቼ የማላውቀውን ሰው ሁሉ እጠይቅ ነበር። ጎረቤቶቻችን "ይቺ ልጅ ልጇን ሳትወልድ አረጀች" ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

እህቴ አሁን ሃያ ስምንት ሞልቷታል። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ተከራይታ ሙሽራ ታስውባለች። እኔ ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ እሰፋለሁ። እጇ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንዳንድ እሁድ እወጣና ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። እጇ ወርቅ ነው፤ ብሩሾቿ ግን ጉድ ነበሩ። ጠጉራቸው እየረገፈ ከፊት ቅባቱ፣ ከፋውንዴሽኑ ጋር የሙሽራዋ ጉንጭ ላይ ይቀራል፤ እህቴ እያወራች፣ እያሳሳቀች፣ በጥፍሯ ትለቅመዋለች። የትልቁ ብሩሽ አንገት ስለሚወዛወዝ በፕላስተር ጠምጥማዋለች። ሙሽሮቹ አያዩም። እኔ ግን አያለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ደወለችልኝ። ደጋን ከተማ ያሉ የታወቁ ሐጂ የልጃቸውን ልጅ ሊድሩ ነው፤ ሙሽራዋ የአክስቷ ልጅ ሰርግ ላይ የእህቴን ሥራ አይታ እሷ ካልሆነች ብላለች። "ሙሽራው ሦስት ያልተዳሩ እህቶች አሉት" አለችኝ። "ይኼ ሰርግ ካማረ እነሱም የእኔ ናቸው።" ድምጿ ውስጥ የዘጠኝ ዓመቷን ልጅ ሰማኋት። የዚያን ዕለት ነው ብሩሽ ልገዛላት የቆረጥኩት።

መምረጥ ከእሷ ወሬ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ጠጉሩን እጅ ጀርባ ላይ ተጭኖ መልቀቅ፤ ደህና ከሆነ ተመልሶ ይቆማል። በሁለት ጣት ይዞ ሳብ ማድረግ፤ ከረገፈ ይቅር። ጠጉሩን የያዘው ብረት ከእንጨቱ ላይ መላላቱን ነቅንቆ ማየት። ጉንጭ ላይ አሽቶ መወጋት አለመወጋቱን ማየት። ከሥራ ስወጣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለ የመዋቢያ ሱቅ ገባሁና ባለሱቋን አስቸገርኳት። አንዱን ስነቀንቅ፣ ሌላውን ስስብ፣ ሴትዮዋ ክንዷን አጣጥፋ ታየኛለች።

"ልትሞሸሪ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ሽማግሌ እየጠበቅኩ ነው" አልኳት።

ሳቀችና ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጥቅል አወረደች። ትልቁ የፓውደር፣ ጠፍጣፋው የፋውንዴሽን፣ ለዓይን ቆብ የሚሆኑ ትንንሾቹ፣ ሁሉም በየኪሳቸው ተሰክተዋል። ጉንጬ ላይ ሳደርገው ልቤ ደስ አለው። "ይኼ ፕላስቲክ አይደለም፤ የተፈጥሮ ጠጉር ነው" አለች። ያን ሁሉ ስመረምር የምን ጠጉር ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ለበዓል ልብስ ያስቀመጥኩትን አውጥቼ ሰጠኋት።

እሁድ ወጥቼ ለእህቴ ሰጠኋት። ጥቅሉን ፈታችው፣ ትልቁን አወጣች፣ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ቆይታ "ለሥራዬ ብሎ ዕቃ የገዛልኝ ሰው ኖሮ አያውቅም" አለችኝና ዞራ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ከዚያ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ጎን ለጎን ነው የምንሰፋው፤ ክርስቲያን ናት፣ ክፋት የሚባል ነገር አታውቅም። ደስ ብሏት እየሰማችኝ፣ "ወንድሜ እኮ ቀለም ቀቢ ነው" አለች። "ደህናው ብሩሽ የአሳማ ጠጉር ነው፣ ቀለም ይይዛል ይላል። የእናንተውስ የምን ይሆን?"

ክው አልኩ። ከምሳ በኋላ የሰፋሁት ኮሌታ ሁሉ ተጣሞ ተመለሰልኝ።

የፈራሁትን ልናገር። አንዲት ሙሽራ ለሶላት ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ ትቀመጣለች። እህቴ ጠፍጣፋውን ብሩሽ አርጥባ ፊቷን ትቀባለች። ያ ጠጉር የአሳማ፣ የኸንዚር፣ ከሆነ ነጃሳ ነው፣ ርኩስ ነው፤ ልጅቱ በዚያ ፊት ትሰግዳለች፣ በዚያ ፊት ትዳራለች። ቆይቶ አንድ ሰው ያውቃል፤ መቼም አንድ ሰው ማወቁ አይቀርም። ከደጋን እስከ ደሴ "ያቺ የሐጂን የልጅ ልጅ በኸንዚር ጠጉር የቀባች" ትባላለች። ከዚያ በኋላ ሆጤ ያለችውን ክፍል ማን ያንኳኳል? ይኼን ሁሉ ያመጣሁባት ደግሞ እኔው፣ በበዓል ልብሴ ብር።

በማግስቱ ሱቁ ተመለስኩ። "የምን ጠጉር ነው?" አልኳት።

"የፍየል መሰለኝ" አለች ባለሱቋ።

"መሰለኝ ምን ማለት ነው?"

"እኔ አልሸለትኩት። የፈረስም ሊሆን ይችላል። ምን አስጨነቀሽ፣ አይበላ።"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ደግሞ ጥርጣሬው ራሱ መነጠረኝ። ለእህቴ ደውዬ መንገር ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ነው። ረቡዕ ደወልኩ። "ደሴ ብርዱ እንዴት ነው?" አልኳት። "ጉም ነው" አለችኝ። ቻው ብዬ ዘጋሁ። ሐሙስ ደወልኩና ምሳ በልተሻል ወይ አልኳት። "በልቻለሁ። ብሩሾቼን ትራሴ ሥር ነው የማሳድራቸው፣ አትሳቂብኝ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ሳቅሁላት። ዓርብ ሳልደውል ቀረሁ፣ ቅዳሜም እንደዚያው።

የሰርጉ ዕለት፣ እሁድ በጠዋት ከደሴ ወርዳ መናኸሪያ አገኘችኝ። ሐረጎ ተራራ ላይ ጉሙ መንገዱን ደፍኖት ነበር አለች፤ በሌላ ቀን ቢሆን ስለ ጉሙ ስርበተበት እውል ነበር። ዕቃ እንዳቀብላት ነው የጠራችኝ። የደጋን ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳዋን ጭኔ ላይ አድርጌ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት። እህቴ ክርኔን ነካ አድርጋ "አብሽሪ" አለችኝ። "ሙሽራ የምቀባው እኔ፣ ላብ የሚያጠምቀው አንቺን።"

ሙሽራዋ ትንሽ ልጅ ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ ሂና ተስሎበታል። "ውዱኤን አድርጌያለሁ፣ እንዳይፈታብኝ ቶሎ በሉ" ብላ ሳቀች። ሴት አያቷ ጥግ ላይ ተስቢሃቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። አክስቶቿ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ከሙሽራው እህቶች አንዷ ልብስ ልታደርስ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። እህቴ ጠፍጣፋውን ብሩሽ አረጠበችና ጀመረች። እኔ ዓይኔን ከብሩሹ መንቀል አቃተኝ። ግንባሯን ቀባች፣ ግራ ጉንጯን ቀባች። ጠጉሩ እንደተመኘሁት ነበር፤ አንድም አልረገፈም።

"አላህ እጅሽን ይባርከው" አሉ አያቲቱ። "ንጹሕ እጅ ነው ያለሽ።"

ያ ንጹሕ የሚለው ቃል ነው የጣለኝ። አፌ ከእኔ ሳይማከር ተናገረ።

"ተይ፣ አትንኪያት" አልኩ። "ብሩሹ የምን ጠጉር እንደሆነ አላውቅም። የኸንዚር ሊሆን ይችላል።"

ሙሽራዋ ግማሽ ፊቷ ተቀብቶ፣ ግማሹ ሳይቀባ፣ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንደኛዋ አክስት "ያረቢ" ብላ አፏን ያዘች። የሙሽራው እህት ልብሱን ወንበር ላይ ጥላ ወጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

እህቴ ወደ እኔ አልዞረችም። ብሩሹን ፎጣ ላይ አጋደመችው። "የፍየል ነው፣ እማማ" አለች። ስልኳን አወጣች። ጥቅሉ ውስጥ የተሰፋችውን የቻይና ጽሑፍ ያለባትን ጨርቅ ፎቶ አንስታ በስልኳ አስተርጉማዋለች። ለአክስቶቹ ሰጠቻቸው፣ ተቀባብለው አነበቡት። "ጥቅሉን ያገኘሁ ዕለት ነው ያየሁት። ሳላጣራ የሰው ልጅ ፊት አልነካም።"

ሳምንት ሙሉ። እኔ ከኸንዚር ጋር ስውል፣ እሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች። የእኔ ስልክ በቁልፍ የሚሠራ ተራ ስልክ ነው፤ ጽሑፍ ፎቶ ይነሣል፣ ይተረጎማል የሚል ሐሳብ በጭራሽ አልመጣልኝም። ጠይቂያት ብሎ የሚመክረኝም ጠፍቶ አይደለም፤ ልቤ ራሱ ሲነግረኝ ነበር።

አያቲቱ ስልኩን መለሱላት። "አንቺን አምኜሻለሁ፣ ልጄ። ግን ልጅቱ ደንግጣለች፤ ፊቷን በተቀባች ቁጥር ይኼን ነው የምታስበው። ታጥባ እንደገና ጀምሪላት።"

"እሺ፣ እንዳሉ" አለች እህቴ።

ልጅቱ ታጠበች፣ ውዱኡንም ደገመች። እህቴ ጥቅሉን ሙሉ በሙሉ ጠቅልላ ቦርሳ ውስጥ ከተተችና በጣቷ፣ በስፖንጅና በጥጥ ከዜሮ ጀመረች። ውጭ የመኪና ጡሩምባ መሰማት ጀመረ፤ ሙሽራው ደርሷል። አንድ ሰው በየጊዜው በሩን ያንኳኳል። እኔ ደጅ ወጥቼ ሽንኩርት የሚከትፉ ሴቶች ዘንድ ተቀመጥኩና ቢላ አንሥቼ ከተፍኩ፤ ዓይኔ ቢያለቅስም ማንም አይጠይቀኝም። ሙሽራዋ ስትወጣ እልልታው ቀለጠ። አምራ ነበር፤ ወላሂ አምራ ነበር። ሙሽራው ግን ረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቆይቷል፣ እህቶቹም ፊታቸውን አጥቁረዋል።

ስንመለስ እስከ ኮምቦልቻ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። መናኸሪያ ላይ ቦርሳዋን ከእጄ ተቀበለችኝ።

"የሙሽራው እህቶች ሌላ ሰው እናያለን ብለዋል" አለችኝ።

"አላህ ይቅር ይበለኝ። እኔ እኮ የፈራሁት፣ ልጅቱ በዚያ ፊት..."

"ስለ ልጅቱ ብትፈሪ ረቡዕ ስትደውዪ ትነግሪኝ ነበር። አንቺ ስለ ብርድ ነው የጠየቅሽኝ።" ድምጿ ከፍ አላለም። "ኸንዚሩን አይደለም የፈራሽው፤ እኔን ነው። ምን አድርጌሽ ነው እኔን የምትፈሪኝ?"

ዛሬ ቢሆን እነግራታለሁ። ምንም አላደረግሽኝም እላታለሁ። ያን እሁድ ብሩሹን ጉንጭሽ ላይ ስታደርጊው ያየሁት ፊት እንዳይጠፋብኝ ነው የሰሰትኩት፤ እሱን ከማጣ ያቺ የሰው ልጅ በነጃሳ ፊት ብትሰግድ መርጬ ነበር፣ እውነቱ ይኼው ነው። ይኼን መናገር ያሳፍረኛል። ያኔ ግን እሷ የደሴው ሚኒባስ ውስጥ ገብታለች፤ ረዳቱም በሩን ዘጋ።

ሁለት ወር አልደወለችልኝም። እኔም አልደፈርኩም። የፈራሁት ነገር ሁሉ አንድ ላይ ቢደመር የዚያን ስልክ ዝምታ አያህልም። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ማሽኑ ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ፤ ጓደኛዬ ጥፋቱ የእሷ መስሏት ታባብለኛለች።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ተደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ቦሩ ሜዳ ሰርግ ይዣለሁ፤ በዚያው ቀን ሌላም ደሴ አለኝ" አለችኝ። "አንዲት ልጅ ታግዘኛለች። ለእሷ ሌላ ጥቅል ያስፈልገኛል። አንቺ ምረጪው።"

"እኔ?"

"የመረጥሽውማ ደህና ነበር፤ እስካሁን አንድ ጠጉር አልረገፈም።"

እዚያው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ ስታየኝ "መጣሽ ደግሞ" አለች። እኔ ገና ሳልቀመጥ "የምን ጠጉር ነው?" ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ጥቅል አወረደችልኝ፤ አንዱ የፍየል፣ አንዱ ሰው ሠራሽ። ነቀነቅኩ፣ ሳብኩ፣ እጄ ጀርባ ላይ ተጫንኩ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ብሳሳትስ፣ እንደገና ባዋርዳትስ የሚለው መጣ። ጥቅሎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ስልኬን አውጥቼ ለእህቴ ደወልኩ። ስለ ብርዱ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ፈራሁ" አልኳት።

ከጀርባዋ የሆጤ ባጃጆች ድምፅ ይሰማኛል።

"ይኸው ደወልሽ" አለችኝ። "ምኑን ነው የፈራሽው፣ ንገሪኝ።"

ባለሱቋ እየጠበቀች፣ አንድ በአንድ ነገርኳት።