ያለ ፍላሽ የተነሳ ፎቶ

ሽማግሌው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ፎቶ ቤቱ ገቡና ለሌላ ሰው ቦታ የለቀቁ ይመስል የአግዳሚውን ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ያመጡት የሟች ባለቤታቸውን የመጨረሻ ፎቶ ነው። ያነሷት ክፍል ጨለም ያለ ነበር፤ ፍላሹ ዓይኗን እንዳይወጋት ብለው ካሜራው በትንሽ ብርሃን እንዲያነሳ የሚያደርገውን አይኤስኦ እስከ ጥግ ከፍ ስላደረጉት ፊቷን ጥቃቅን ነጠብጣብ ወሮታል።

ፎቶ አንሺዋ ነጠብጣቡን በኮምፒውተር ጠራርጋ አጠፋችላቸው። የሟቿ ፊት እንደ ሰም ለሰለሰ።

ሽማግሌው ስክሪኑን አይተው ወደ ኋላቸው አፈገፈጉ።

«ልጄ፣ ይቺማ ሞታለች።»

«አባባ፣ ጠራ እኮ።»

«ቅድም ትተነፍስ ነበር። መልሺልኝ።»

ፎቶ አንሺዋ የሠራችውን አጥፍታ የሟቿን ፊት ከነነጠብጣቡ መለሰችው። ሽማግሌው አጎንብሰው ብዙ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በይ ቀስ ብለሽ ዝጊው፤ ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳት።»

ፎቶ አንሺዋ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቀስ ብላ ዘጋችው።