«ራሱ ገባበት»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ንስሐ አባቴ ፊት ሁለት ጊዜ ጀምሬው ነበር፤ «እ... የሥራ ነገር ነው» ብዬ መልሼ ዋጥኩት። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚያ ነው መሰለኝ የቀለለኝ።

ትራፊክ ፖሊስ ነኝ። ካዛንቺስ፣ አዲሱ የብስክሌት መስመር ላይ፣ ዳር ይዞ የቆመ መኪና በር ድንገት ተከፈተና አንድ ብስክሌተኛ ተላትሞበት ወደቀ። ስደርስ በሩ እንደተበረገደ ነው፤ ጠርዙ ታጥፏል። ባለመኪናው ስልኩን እንደጨበጠ «ወይኔ! በሩን ስከፍት አላየሁትም!» ይላል። የወደቀው ሰው ከድር ይባላል፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቀኝ ክንዱን አቅፎ አስፋልቱ ላይ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ በዓይኔ አየሁ። አየሁ እላችኋለሁ!

ፕላን ሳይነሳ፣ ማለቴ የአደጋው ቦታ ተለክቶ ሳይሳል፣ ምንም ነገር አይነካም። ይህን የማያውቅ ትራፊክ የለም። እኔ ግን ሜትሬን ሳልዘረጋ ሬዲዮው ጮኸ፤ እንግዶች ሊያልፉ ነው፣ መንገዱን አስለቅቅ! አለቃዬ በዚያ ድምፅ ሲጠራኝ ሌላው ሁሉ ይጠፋብኛል፣ ዛሬም ድረስ። በቃ፣ ደነገጥኩ። ከድርን ሰዎች ደግፈው ታክሲ ውስጥ አስገቡት። ባለመኪናውን «በሩን ዝጋና ወደዚያ ጥግ ያዝ!» አልኩት። ብስክሌቱን በገዛ እጄ አነሳሁት።

እንግዶቹ አልፈው ፕላን ላነሳ ስመለስ በሩ ተዘግቷል። ተከፍቶ ነበር ብዬ ብስለው «ታዲያ ማን አስዘጋው? መኪናውን ማን አስነሳው?» መባሌ ነው። ስለዚህ የተዘጋ በር ሳልኩ። ከሥሩም፦ «ብስክሌተኛው ቆሞ የነበረ ተሽከርካሪ ላይ ራሱ ገባበት» ብዬ ጻፍኩ። ባለመኪናውስ ለምን ይቃወም?

እኛ ዘንድ ይህ ቃል አፍ ላይ ያለ ነው። መኪና መኪናን ይገጫል፤ ብስክሌት ግን «ይገባል»። ስንቱን ብስክሌተኛ እንዲህ ብዬ ጽፌው ይሆን? ለምን ያለኝ የለም። ታዲያ ልማድ ነው ብዬ ላምልጥ? ያን ቀን ልማድ አልነበረም። ፈርቼ ነው። እኔ ነኝ የፈራሁት፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ የተጎዳው እሱ።

የመኪናው ኢንሹራንስ ሪፖርቱን አይቶ ለከድር አልከፍልም አለ። ክንዱ እንደገና ኦፕራሲዮን መደረግ ነበረበት፤ ከየት አምጥቶ? አሁን መቀስ ሲይዝ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ደንበኞቹም ሸሽተውታል። ይህን ከየት ሰማህ አትሉኝም? ራሱ መጥቶ ነገረኝ።

ረመዳን ሊገባ ሲል መስቀል አደባባይ ሥራ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከድር ሰዉን እየሰነጠቀ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። ደረሰብኝ አልኩ። ይሰድበኛል፣ ይጮህብኛል፣ ሕዝብ ይሰበሰባል።

«ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ» አለኝ።

«ለምኑ?» አልኩት።

«ክንዴ አልድን ሲል፣ ደንበኞቼ ሲሸሹኝ አምቼዎታለሁ፤ ረግሜዎታለሁም። በሩ ሲከፈት ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱን ሲያነቡልኝ ግን... በቃ፣ ጭንቅላቴም ተመትቶ ነበር። እርስዎ ምን ያድርጉ? ያዩትን ነው የጻፉት። የሰው ሐቅ ይዤ ጾም መግባት አልፈልግም።»

ክንዱንስ እሺ፤ ሰውየው የገዛ ዓይኑን እንዲጠራጠር ያደረግኩት እኔ ነኝ! «በሩ ተከፍቶ ነበር» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አፌን ከፈትኩ። ሚኒባሶቹ ጥሩምባ ያንባርቃሉ፣ ሰው ያየናል፣ ዩኒፎርም ለብሻለሁ፣ ሬዲዮው ወገቤ ላይ ያንሾካሹካል። እሱ አንገቱን ደፍቶ መልሴን ይጠብቃል።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ያን ቀን አላወቅኩም ነበር፣ ተጣድፌ ነበር እያልኩም አላድበሰብስም። እዚያ አደባባይ ላይ የሚያጣድፈኝ ማንም አልነበረም። የበደልኩት ሰው ፊቴ ቆሞ ይቅርታ ሲለምነኝ፣ እኔ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት።